አንድ ካርድ፣ አንድ እንግዳ

በደሉን መጀመሪያ ልናገር፤ ሌላው ይከተላል። ባሌ ወገቡን ተቀዷል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቀጥ ብሎ እንዳይቀመጥ ሐኪሙ ከልክሎታል። በተነሣንበት ኤርፖርት «መሀል ላይ፣ አውሮፕላን ስትቀይሩ፣ የሚጋደምበት ማረፊያ አለ፤ ይህን ወረቀት አሳዩ» ብለው ቃል ሰጡን። መሀል ላይ ስንደርስ «ቃሉን የሰጣችሁ ሌላ ነው» አሉን። ከዚያም ባሌን የማናውቃት ሴት እንግዳ አድርገው አስገቡት፤ እኔን፣ ከአርባ ዓመት በላይ አብሬው የኖርኩትን ሚስቱን፣ ደጅ አስቀሩኝ። ይህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

የልጅ ልጄ ቅሬታ በስልክ መላክ ይቻላል ብላ ሞክራ ነበር። ስልኩ ላይ የወጣው ቅጽ ቅሬታሽን ምረጪ ይላል፦ የጠፋ ሻንጣ፣ የዘገየ በረራ፣ ምግብ። የእኔ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ደብተር ገዝታልኝ በእጄ ጻፍኩት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በቤታችን የሚነገረው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤትና በሆሳዕና ገበያ ነው። ፊደሉ ከተሳሳተ ይታረም፤ ነገሩ ግን አይታረም።

ባሌ የወደቀው ከባሕር ዛፍ ጭነት ላይ ነው። ልጆች አጠና አይሱዙ ላይ ሲደረድሩ አየና አደራደራችሁ አላማረኝም፣ እኔ ላሳያችሁ ብሎ ወጣ። ያን ጊዜም ሽማግሌ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ እግሩ እየደነዘዘ፣ ሌሊት እንቅልፍ እያጣ፣ ከሆሳዕና አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሕንድ አገር ደረስን። ያሳከሙን ደቡብ አፍሪካ የሚሠሩት ልጆቻችን ናቸው። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያስፈራን መመለሻው ነው።

መመለሻው በሁለት አውሮፕላን ነበር፤ አውሮፕላኖቹም የሁለት ኩባንያ ናቸው። በመጀመሪያው፣ በረጅሙ፣ ለባሌ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ወንበር ተገኘለት፤ ቢዝነስ ክላስ የሚሉት ነው። በሁለተኛው ግን ያ ወንበር ሞልቷል ተባለና እንደ እኔ ተራ ወንበር ተያዘለት። በመሀል ሰባት ሰዓት መጠበቅ አለ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ አሰበና እንዲህ አለ፦ የመጨረሻውን አራት ሰዓት ተቀምጦ ይችለዋል፤ የሚችለው ግን መሀል ያለውን ጊዜ ተጋድሞ ካሳለፈ ነው። ካልተጋደመ እግሩ እንደገና ይደነዝዛል፣ ቁስሉም ያብጣል፤ እንዲህ ሆኖ ካዩት ደግሞ አውሮፕላኑ ላይ አያሳፍሩትም።

የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ደሴ ያደገች ሴት ነበረች። ይህን የሐኪሙን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ካልተሳፈረ የት እንወድቃለን? የመሀሉ አገር ቪዛ የለንም። ቋንቋ አናውቅም። ስልኬ ከሆሳዕና ሲም ካርድ ሌላ አያውቅም። እዚያ ኤርፖርት ውስጥ ከታመመብኝ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለኝም ማለት ነው። ሌሊቱን ይህን ሳገላብጥ አደርኩ።

ስንነሣ አስተርጓሚዋ እስከ ኤርፖርቱ ሸኘችንና የመሳፈሪያ ወረቀት የምትሰጠውን ሠራተኛ ጠየቀችልኝ። ሠራተኛዋ የባሌን ወረቀት አየች፣ ሣቀች፣ ራሷን ነቀነቀች። «ሁለቱ ኩባንያዎች ሸሪኮች ናቸው ትላለች» አለችኝ አስተርጓሚዋ። «እኛ ጋ ያለው መብት እነሱም ጋ አለ፤ ላውንጅ የሚሉት ማረፊያ በር ላይ ይህን ወረቀት ያሳዩ ትላለች።»

ሸሪክ የሚለውን ቃል ስሰማ ልቤ አረፈ። ሽርክናን አውቃለሁ። በእኛ አገር ላም ኖሮት መስክ የሌለው ሰው፣ መስክ ኖሮት ላም ከሌለው ጋር በርቢ ይሻረካል። ላሟ የአንዱ ናት፤ የሚያበላት ሌላው ነው፤ ጥጃው የጋራ ነው። ባለላሙ ለአራስ ቅቤ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ከገባ፣ አራሷም ላሟ ያለችበት ቤት ከመጣች፣ የሚያረባው ሰው ቃሉን የሰጠሽ እሱ ነው ብሎ በር አይዘጋባትም። ሰጥቶ፣ ኋላ ከሸሪኩ ጋር ይነጋገራል። እኔም ኩባንያዎቹ እንደዚህ ናቸው ብዬ ተሳፈርኩ።

በአውሮፕላኑ ውስጥ እሱ ከመጋረጃው ፊት፣ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርን። አንድ ጊዜ ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁት። እንደ ሕፃን ተሸፋፍኖ ተኝቷል። አስተናጋጇ ወደ ወንበሬ መለሰችኝ፤ አልተቆጣሁም፤ ተኝቶ ስላየሁት።

መሀል ኤርፖርት የደረስነው ጠዋት በእኛ ሰዓት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ፀጉሩ የሸበተ ሠራተኛ ዊልቸር ይዞ በሩ ላይ ጠበቀን። ባሌን አስቀምጦ ገፋው፤ እኔ ቦርሳዬን አቅፌ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ። ቦርሳው ውስጥ መድኃኒቱ፣ የሆስፒታሉ ወረቀትና ፓስፖርታችን አለ። መንገዱ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ከሆሳዕና መናኸሪያ እስከ ገበያው አምስት ጊዜ የተመላለስኩ መሰለኝ። በመጨረሻ መስተዋት በር ያለው ቦታ ላይ ቆመ። በሩ አጠገብ ከባንኮኒ ኋላ አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ማሽኑ ላይ አሳረፈችው፤ ማሽኑ ቀይ አበራ። እንደገና አሳረፈችው፤ እንደገና ቀይ። መለሰችልኝና በጣቷ ወደ መጣንበት አሳየችኝ።

የምትለው አልገባኝም። እኔም የምለው አይገባትም። የሐኪሙን ወረቀት አወጣሁ፤ አየችው፣ መለሰችው። ከኋላችን ሰዎች ተሰለፉ። ባሌ በሀዲይኛ ምን አሉ አለኝ። ቆይ አልኩት። ተቀምጦ ስንት ደቂቃ እንደሆነው በልቤ እየቆጠርኩ ነበር።

ያኔ ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ወደ ፊት መጣች። ጎልማሳ ናት፣ ስኒከር የተጫማች፣ ሁለት ስልክ በእጇ። በአማርኛ «እማማ፣ ከወደ እኛ ናችሁ መሰለኝ» አለች።

ከሆሳዕና ነን አልኳት። እሷ የዱራሜ ናት፤ ልብስ እያመጣች ለሆሳዕናና ለዱራሜ ሱቆች ታከፋፍላለች። «ምድር ላይ ካለሁበት ሰማይ ላይ ያለሁበት ይበዛል» አለችኝ። ወደ አዲስ አበባ የምትሄደው በእኛው በረራ ነው። በእንግሊዝኛም በዓረብኛም ከልጅቷ ጋር ተነጋገረችና ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ጥሩ ወሬ የያዘ ሰው ፊት አልነበረም።

«ሕጉ እንዲህ ነው ትላለች፣ እማማ። ሰው የሚገባው በመጣበት በረራ አይደለም፤ በሚሄድበት ነው። አባባ የመጡት በቢዝነስ ነው፤ የሚሄዱት ግን በተራው ነው፣ ያውም በሌላው ኩባንያ። ስለዚህ የመጡበት ወረቀት እዚህ ሞቷል።»

«ሸሪኮች ናቸው ተብለናል።»

«ናቸው። ሻንጣችሁ ሳትነኩት ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፋል። ሽርክናው እስከዚያ ነው።»

«ሻንጣው ወገቡን አልተቀደደም» አልኩ። «ንገሪያት።»

ነገረቻት መሰለኝ፤ ልጅቷ ፈገግ ብላ አቀረቀረች። በተነሣንበት የተሰጠን ቃልስ ብዬ አስጠየቅሁ። መልሱ፣ ያንን የተናገረችው ሠራተኛ ተሳስታ ይሆናል የሚል ነው። ስሕተቱን እነሱ ሠርተው ቅጣቱን እኛ እንድንቀበል ነው እንግዲህ። እኛ ቤት ለመጣ ሰው መጀመሪያ ከየት መጣህ ይባላል። ወዴት ትሄዳለህ የሚባለው ከበላና ካረፈ በኋላ ነው። እነሱ ግን ከየት እንደመጣ፣ እንዴት ሆኖ እንደመጣ ማወቅ አይፈልጉም።

የዱራሜዋ ሴት ከቦርሳዋ ወርቅማ ካርድ አወጣች። ብዙ ለሚበር ሰው የሚሰጥ ነው፤ በተራ ወንበር ብትሄድም በሁለቱም ኩባንያ ያስገባታል። «ይሄ ካርድ አንድ እንግዳ ያስገባልኛል» አለች። «በበረራዬ የሚሄድ፣ አንድ ሰው። ሁለት ቢሆን ኖሮ እስክለመን አልጠብቅም ነበር፣ እማማ። አንድ ነው።»

ማሰብ አላስፈለገኝም። እሱን አስገቢልኝ አልኳት። ማሰብ የጀመርኩት ካልኩ በኋላ ነው። ባሌ ብቻውን መነሣት አይችልም። ይህችን ሴት አናውቃትም። ፓስፖርቱን ልስጣት ወይስ ልያዝ? ፊቷን አየሁ፤ እጇንም አየሁ፤ ስልክ በያዘ እጇ የዊልቸሩን ክንድ ይዛለች፣ እንደ ልጅ። ፓስፖርቱንና ወረቀቱን ሰጠኋት። መድኃኒቱን ግን እኔ ጋ አስቀረሁ፤ በስድስት ሰዓት ከምግብ በኋላ ነው የሚውጠው፤ ያን ጊዜ ወጥታ እንድትወስድ ተስማማን። እንዲጋደም፣ ቶሎ እንዲጋደም፣ ብዬ ደጋግሜ ነገርኳት።

ባሌ ማን ናት አለኝ። የዱራሜ ልጅ ናት አልኩት። ዘመድ ናት ወይ አለ።

«አይደለችም» አልኩት። «የሷ እንግዳ ሆነህ ነው የምትገባው።»

ያን ቃል ምነው ባልነገርኩት። ግን የዱራሜዋ ሴት እንዳለችው ነው የነገርኩት፤ እሷም ልጅቷ እንዳለችው፤ ልጅቷም ማሽኑ እንዳለው። ሽበታሙ ሰውዬ ዊልቸሩን ገፍቶ አስገባው። በሩ በራሱ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ሰውዬው ባዶ እጁን ወጣ፤ በዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ ብሎ በጣቱ አሳየኝና ሄደ።

እኔ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበር ያለው ራቅ ብሎ ነው፤ ከዚያ በሩ አይታይም። አንድ ጥበቃ መጥቶ ተነሺ አለኝ፤ ተነሥቼ ሦስት እርምጃ ሄድኩ፤ ሲሄድ ተመለስኩ። እንደገና መጣ፤ እንደገና ተነሣሁ። በሦስተኛው አይቶ እንዳላየ አለፈኝ።

ከመስተዋቱ በላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ቆጠርኩ። ሰዎች ይገባሉ። ማሽኑ አረንጓዴ ያበራል። ባልና ሚስት ሁለት ሕፃናት ይዘው ገቡ፤ ሕፃናቱ እንግዳ ናቸው ወይስ ምንድን ናቸው ብዬ አሰብኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አሰግጌ ወደ ውስጥ አያለሁ፤ የሚታየው ምንጣፍና አበባ ብቻ ነው። አሁን ተኝቷል እላለሁ። ቆይቼ ደግሞ፣ ሽንቱ ቢመጣ ማን ያነሣዋል እላለሁ። ሴትዮዋ ስልክ ስታወራ ብትረሳውስ? የበረራው በር ቁጥር ቢቀየርና ሁለቱ በሌላ በኩል ቢወጡስ? ሙዱላ ገበያ ላይ ልጄን በሕፃንነቷ ለግማሽ ቀን ያጣኋት ጊዜ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም፤ ያኔ የምጮኽበት ቋንቋ ነበረኝ። ጸለይኩ። ጸሎቱን መሀል ላይ እየረሳሁ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

በስድስት ሰዓት የዱራሜዋ ሴት ወጣች። መድኃኒቱን ልሰጣት ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

«እማማ፣ አባባ አልተኛም ብለውኛል።»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

ነገረችኝ። ከገባ ጀምሮ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ። የሚዘረጋ ወንበር አለ፤ ዘርግታለታለች፤ ብርድ ልብስ አምጥታለታለች። አመስግኖ አጥፎ አስቀመጠው። ምግብ አመጣችለት፤ ጠግቤያለሁ አለ። ሁለተኛ ጠየቀችው፤ ጠግቤያለሁ አለ። እሷም የጠገበ መስሏት መለሰችው።

«ሦስተኛ አልጠየቅሽውም?» አልኳት።

«እኛ ዱራሜ የራበው ሰው ራበኝ ይላል፣ እማማ። የሆሳዕና ሰው እስኪለመን ድረስ በረሃብ እንደሚሞት እኔ ምን አውቄ» አለች። ልትቀልድ ፈልጋ ነበር። «ምናልባት አፍረው ይሆናል ብዬ እኔ ራሴ ሌላው ወንበር ላይ ተጋደምኩ፤ እኔን አይተው እንዲጋደሙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና ጭራሽ ቀጥ አሉ።»

ነገሩ ገባኝ። እንግዳ ነህ ብዬዋለሁ። ለማሽኑ እንግዳ ማለት በሰው ካርድ የሚገባ ሁለተኛ ሰው ማለት ነው። ለባሌ ግን እንግዳ ማለት ሥርዓት ያለው ነገር ነው። በሰፈራችን ሽማግሌ ነው፤ ሰው ያስታርቃል፤ የእንግዳን ሥርዓት ለልጆች ሲያስተምር የኖረ እሱ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ብላ አይበላም። እንግዳ በማያውቀው ሰው ቤት እግሩን አይዘረጋም። ያውም ባሏ በሌለበት ሴት ቤት! ለሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ በተሰፋ ወገቡ፣ ያንን ሥርዓት ሲጠብቅ ነበር።

እግሩስ አልኳት። አንዱን እግራቸውን በእጃቸው ያሹታል አለችኝ።

ሚስትህ ተጋደም ብላሃለች በይው ብዬ መለስኳት። ሄዳ መጣች። ምን አለ አልኳት።

«‹ሚስቴ ወለል ላይ ተቀምጣ እኔ አልጋ ላይ አልተኛም› አሉ። በሩ ሲከፈት በአበባው መሀል አይተውዎታል። እንዲያውም ልውጣ፣ አብሬያት ልቀመጥ እያሉ ነው።»

ያኔ ተነሥቼ ወደ ባንኮኒው ሄድኩ። ነይ አስተርጉሚልኝ አልኳት። ሻሽ ያሰረችው ልጅ ስታየኝ ተነሣችና አለቃዋን ጠራች። ክራባት ያሰረ፣ ቀጭን፣ ትሑት የሚመስል ሰው መጣ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ከቁጡ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለው ሰው ነው የሚያስቸግረው፤ ጉልበትሽን የምታሳርፊበት ቦታ የለውም።

ባሌን ማስተኛት የምችለው እኔ ነኝ፣ ልግባ አልኩት። ያዘነ ፊት አሳየኝ። ካርዱ አንድ እንግዳ ነው የሚያስገባው አለ፤ ከፈለግን ግን መለዋወጥ ይቻላል፤ እሱ ይውጣና እርስዎ ይግቡ።

ይህን ስታስተረጉምልኝ የዱራሜዋ ሴት ራሷ አፈረች። የታመመው ወጥቶ ጤነኛዋ ትተኛ ማለቱ ነው። ሰውዬው ግን እየቀለደብኝ አልነበረም። ሕጉ የሚለውን ነው የነገረኝ።

«ጠይቂልኝ» አልኳት። «ጠዋት በዚህ ካርድ ስንት ሰው ገባ?»

ኮምፒዩተሩን አየ። ሁለት አለ፤ ባለካርዷና አንድ እንግዳ።

«ሦስት ነው» አልኩ። «እኔ እዚህ ቆሜ ነበር። እሷ ገባች፣ ባሌ ገባ፣ ዊልቸሩን የገፋውም ሰውዬ ገባ።»

እሱ ሠራተኛ ነው አለ። ለሥራው ነው የገባው።

«ሥራው ምንድን ነው?»

በሽተኛውን መግፋት።

«አሁን የት አለ?»

አለቃው ልጅቷን አየ፤ ልጅቷ አለቃውን። በዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል አሉ።

«እስከዚያ ባሌን ሽንት ቤት የሚወስደው ማን ነው? አንተ ነህ? እሷ ናት? ወይስ ይህች መንገድ ላይ ያገኘኋት ሴት ናት?» ቦርሳዬን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ሁለቱን እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁት። «ይህ እጅ ስድስት ወር ገፍቶታል። ወረቀት ከፈለግህ የሐኪሙ ወረቀት አለ። ግን አንድ ነገር እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እኔ የማንም እንግዳ አይደለሁም። ሚስቱ ነኝ። እንደ ሚስት አስገባኝ።»

ሴትዮዋ አስተረጎመች። ከእኔ ረዘም አድርጋ የተናገረች መሰለኝ፤ ምን እንደጨመረች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። አለቃው የሐኪሙን ወረቀት አነበበ። ኮምፒዩተሩን ነካካ፤ የሚፈልገውን አላገኘም መሰል፣ ተወው። ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ ቃል ሳይናገር በእጁ ወደ በሩ አሳየኝ። ማሽኑ ቀይም አረንጓዴም አላበራም። በሩን ልጅቷ በእጇ ከፈተችልኝ።

እንዳለችው ነበር ያገኘሁት። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣ ከዘራው በእጁ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ጫማውን ሳወልቅ እግሩ አብጦ ካልሲው መስመር ሠርቶበታል። አውራ ጣቱን ቆነጠጥኩት።

«ይሰማሃል?»

«ምኑ?»

ልቤ ቆመ። አፌ ግን አልቆመም። «ስማ አንተ ሰውዬ» አልኩት በቋንቋችን፤ «እንግዳ ያልኩህ ተሳስቼ ነው። እንግዳ አይደለህም። ሚስትህ ያለችበት ቤት ቤትህ ነው። አሁን ተጋደም።»

ዙሪያውን አየ። ቡና ማሽኑን፣ አበባውን፣ ላፕቶፕ የከፈቱትን ሰዎች። ከዚያ ባርኔጣውን ሰጠኝ። የዱራሜዋ ሴትና እኔ በሁለት ወገን ይዘን አስተኛነው፤ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አደረግን። ምግብ አመጣሁ፤ አንድ ጊዜ ብላ አልኩት፣ በላ። መድኃኒቱን ዋጠ። ሊተኛ ሲል ዓይኑን ገለጠና «አንቺስ በምን ገባሽ?» አለኝ።

ተኛ አልኩት።

ተኛ። እኔ አጠገቡ ቆሜ በየጥቂቱ እግሩን እቆነጥጠዋለሁ። ሰባት ሰዓት፣ ምንም። ሰባት ተኩል፣ ምንም። የዱራሜዋ ሴት ሻይ አምጥታልኝ ቀዘቀዘ። እግሩ ካልነቃ እንዴት አድርገን እናሳፍረዋለን፣ ለልጆቼ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ በየትኛው ስልክ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነበር። ስምንት ሰዓት አልፎ ስቆነጥጠው በእንቅልፉ እግሩን ሰበሰበና በእናቱ ስም ተሳደበ። ለዚያ ስድብ ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

በዘጠኝ ሰዓት ሽበታሙ ሰውዬ መጣ። ባሌ በእግሩ ረግጦ፣ ተደግፎ፣ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ደህና ነው፤ ያሳፍሩታል። ጭንቀቴ ሲወርድ ግን ሌላው ነገር ከሥሩ ወጣ። ባሌ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ሳልይዝ ከዚያ ቤት መውጣት አልቻልኩም። የገባሁት በምሕረት ከሆነ ምሕረት አልለመንኩም። በመብት ከሆነ መብቱ ስም ይኑረው፤ ነገ እንደ እኔ ያለች ሌላ ሴት በዚያ በር ላይ ስትቆም ስሙን ትጥራው።

ባንኮኒው ጋ ስንደርስ ቁሙ አልኩ። የዱራሜዋ ሴት በረራችን እኮ እያለች ሰዓቷን ታያለች። አንድ ጥያቄ ናት፣ አስተርጉሚልኝ አልኳት። አለቃው እዚያው ነበር።

«አስገብተኸኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አልኩት። «አሁን ንገረኝ። በምን አስገባኸኝ? እንግዳ አድርገህ ነው ወይስ ሚስት አድርገህ? በመዝገብህ ላይ ምን ብለህ ጻፍከኝ?»

ሲሰማ ግራ ገባው። ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። ብዙ ጽሑፍ አለ፤ ቁጥር ማንበብ ግን እችላለሁ። ከካርዱ ትይዩ ያለው ሁለት ነው። ጠዋትም ሁለት ነበር። ከዚያ በትሕትና፣ የሚያስደስተኝ ወሬ የሚነግረኝ መስሎት፣ ለሴትዮዋ ተናገረ፤ እሷም ወደ እኔ ሳትዞር፣ ዓይኗን በሩ ላይ አድርጋ አስተረጎመችልኝ።

«ምንም አልተጻፉም፣ እማማ። ዊልቸር የሚገፋ ሰው አይቆጠርም ይላል።»